ግላኮማ ሲይዘን የዓይን ማፋሰሻ ሴሎች ገጽ ላይ ምን ይለወጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የዓይን ግፊትዎ ከፍ ብሏል፣ ግላኮማ ነው» ከተባለ በኋላ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ጠብታ ይታዘዛል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ቀጣዩ ታካሚ ይገባል። ግፊቱ ለምን ከፍ እንዳለ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አይገኝም፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሐኪሞቹንም መውቀስ ይከብዳል። እኔ ግን ይሄ ነገር መነገር አለበት ባይ ነኝ። ጠብታ ያቋረጡ ሰዎችን ብትጠይቁ «አያመኝም፣ በደንብ አያለሁ፣ ታዲያ ለምን ልጨምር?» ይሏችኋል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው ዓይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበት ቦታ ላይ፣ እዚያ በሚኖሩ ጥቃቅን ሴሎች ገጽ ላይ ነው።

የዓይን ግፊትና የደም ግፊት አንድ ናቸው?

አይደሉም። የደም ግፊት ኪኒን እየዋጡ «የዓይኔንም ያወርድልኛል» ብለው የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ እንዲህ አታስቡ።

ዓይናችን ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይመረታል። እንባ አይደለም፣ እንባ ከውጭ ነው። ይሄኛው ከአይሪስ (ብሌኑን ከከበበው ባለቀለም ክብ) ጀርባ ይመነጭና በብሌን በኩል ወደ ፊት ይመጣል፤ መጠኑም በደቂቃ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው። የቀኑ ሁሉ ቢጠራቀም አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም። ነገር ግን ቀንም ሌሊትም አያቋርጥም። ሥራው ደም ስር የሌላቸውን ሌንስና ኮርኒያ (ከፊት ያለውን ጥርት ያለ የዓይን ሽፋን) መመገብ፣ ቆሻሻቸውን ይዞ መውጣትና የዓይንን ቅርጽ መጠበቅ ነው። የተመረተው ያህል ከወጣ ግፊቱ አብዛኛው ሰው ላይ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ባለው ውስጥ ይውላል። መውጫው ሲያስቸግር ግን ፈሳሹ ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከዓይን ጀርባ ወደ አንጎል የሚሄደው የእይታ ነርቭም ቀስ በቀስ ይጎዳል። ያ ነርቭ አንዴ ከሞተ ተመልሶ አይበቅልም።

መውጫው የት ነው ታዲያ?

ኮርኒያና አይሪስ የሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ ክቡን ዙሪያውን። ሐኪሙ ዓይናችሁን በጠብታ አደንዝዞ መስታወት ያለበት ሌንስ ዓይናችሁ ላይ አሳርፎ ሲመለከት አይታችሁ ከሆነ፣ የሚፈልገው ይህንን ጥግ ነው። ምርመራው ጎኒዮስኮፒ ይባላል። በቀጥታ ቢያይ ጥጉ አይታየውም፣ ለዚህ ነው መስታወት የሚያስፈልገው።

እዚያ ጥግ ላይ ትራቤኩላር ሜሽወርክ የሚባል እንደ ወንፊት የተሠራ ስስ ሕብረ ሕዋስ አለ። ከዚህ በኋላ ወንፊቱ እያልኩ እጠራዋለሁ። ፈሳሹ በወንፊቱ አልፎ የሽለም ቦይ ወደሚባል ቀጭን ቱቦ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ደም ስር ይቀላቀላል። በወንፊቱ የማያልፍ፣ በጡንቻ መሃል የሚሰርግ ሌላ አነስተኛ መንገድም አለ፤ እሱን መድኃኒት ላይ ስንደርስ እናነሳዋለን።

ልብ በሉ፣ ወንፊት አልኩ እንጂ ይሄ ሕያው ነው። ክሮቹን የሸፈኑ ሴሎች አሉ። እነዚህ ሴሎች በፈሳሹ የመጣውን ፍርስራሽ ይበላሉ፤ ይኮማተራሉ፣ ይላላሉ፣ አሮጌውን ክር የሚያሟሙ ኢንዛይሞች አመንጭተው አዲስ ክር ይሠራሉ። ዕድሜ ሲገፋ ቁጥራቸው ይቀንሳል፣ ግላኮማ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ከእኩዮቹም ይበልጥ ይመናመናል። ፈሳሹን በጣም የሚፈትነው ቦታ ወንፊቱና ቦዩ የሚነካኩበት የመጨረሻው ስስ ንጣፍ ነው።

የሴል ገጽ ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

እያንዳንዱ ሴል በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። በዚያ ሽፋን ላይ ብዙ ዓይነት ፕሮቲኖች ተተክለዋል። አንዳንዶቹ ሴሉን ከጎረቤቱና ከክሩ ጋር ያጣብቁታል፣ አንዳንዶቹ ከሌላ ሴል የመጣ ኬሚካላዊ መልእክት ይቀበላሉ፣ ሌሎቹ ሴሉ ሲለጠጥ ወይም ሲጫን ያውቃሉ። ሴሉ ደህና ሲሆን የተወሰኑ ፕሮቲኖችን ብቻ ያወጣል። ሲጨነቅ ዝርዝሩ ይቀየራል። ስለዚህ ገጹን ያየ ተመራማሪ ሴሉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ብዙ ነገር ያነባል።

ግላኮማ ባለባቸው ሰዎች ላይ ምን ተገኘ?

ብዙ ነገር ተገኝቷል፣ እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን በ2001 ኔቸር ሜዲስን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ጆኤል ሹማን ነበሩ፤ ዛሬ በየዓይን ክሊኒኩ የነርቩን ውፍረት የሚለካውን ኦሲቲ የተባለ መሣሪያ ለዓለም ባስተዋወቀው የ1991 ጥናት ላይም ስማቸው አለ።

የተገኘው ኢላም-1 የሚባል የገጽ ፕሮቲን ነው፤ ኢ-ሴሌክቲንም ይሉታል። መደበኛ ቤቱ የደም ስር ነው። የሆነ ቦታ ብግነት ሲነሳ የደም ስሩ ውስጠኛ ግድግዳ ይህን ፕሮቲን ያወጣና የሚያልፉትን ነጭ የደም ሴሎች ይይዛል። የደም ስር በቅባት መደደር ሲጀምርም ቀድመው ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዓይን እንምጣ። የወንፊቱ ስስ ቁራጭ መስታወት ላይ ይደረጋል፤ ኢላም-1ን ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ ብርሃን የሚሰጥ ቀለም ተደርጎበት ይፈስስበታል፣ ይታጠባል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የግላኮማ ዓይን ላይ የወንፊቱ ሴሎች ምልክቱን ይዘው ታዩ፤ ደህና ዓይን ላይ እንዲህ አልነበረም። የበለጠ የሚያስደንቀው ግላኮማዎቹ መነሻቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ሁሉም ላይ ምልክቱ መገኘቱ ነው። መንገዳቸው ቢለያይም ወንፊቱ ላይ ሲደርሱ ተመሳሳይ ጭንቀት ይፈጥራሉ ማለት ነው።

ይሄ ምልክት ጥሩ ነው መጥፎ?

ሁለቱም። ሴሉ ኢላም-1ን የሚያወጣው ኢንተርሊዩኪን-1 የተባለ መልእክተኛ ሲያዝዘው ነው፤ መልእክተኛውን ደግሞ ሴሉ ራሱ ያመርተዋል። ራሱ ያመርታል፣ ራሱ ይሰማል፣ እንደገና ያመርታል። በዚያው ጥናት ይህ ዑደት የወንፊቱን ሴሎች ከኦክሲጅን ጉዳት እንደሚከላከላቸው ታይቷል። ኢንተርሊዩኪን-1 የተጠራቀመ ክር የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችንም ያነሳሳል፣ ይሄ ፈሳሹ እንዲወጣ ያግዛል። እስከዚህ ድረስ ሴሉ ራሱን እያዳነ ነው።

ችግሩ ዑደቱ አለመቆሙ ነው። ለአጭር ጊዜ የተፈጠረ መከላከያ ዓመታት ሲቆይ ሕብረ ሕዋሱን ያደክማል፤ ብግነት ሳይበርድ የቆየበት ማንኛውም የሰውነት ክፍል ላይ የምናየው ይሄንኑ ነው። እና ልብ የሚነካው ነገር፣ ይሄ ሁሉ ሲሆን ባለቤቱ ምንም አይሰማውም። ዓይኑ አይቀላም፣ አያሳክክም፣ አያመውም።

ኢላም-1 ብቻ ነው የሚለወጠው?

አይደለም፣ ሌሎችም አሉ።

ሲዲ44 የሚባለው ሃያሉሮኒክ አሲድን (በሴሎች መሃል የሚገኝ የሚያሙለጨልጭ ንጥረ ነገር) የሚይዝ ፕሮቲን ነው። በተለመደው ግላኮማ ከሴሉ ገጽ ተቆርጦ የወጣ ሲዲ44 በዓይን ፈሳሽ ውስጥ በዝቶ ተገኝቷል፣ በመጨረሻው ስስ ንጣፍ ያለው ሃያሉሮኒክ አሲድ ደግሞ ቀንሷል። ቲጂኤፍ-ቤታ2 የተባለ መልእክተኛም በብዙ ታማሚዎች ዓይን ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ይላል፤ የሴሉ ገጽ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ሲገናኝ ሴሉ ፋይብሮኔክቲን የሚባል ክር አብዝቶ እንዲሠራ ያደርገዋል፣ ወንፊቱም ይደድራል።

ገጹ ላይ ካቪዮሊ የሚባሉ ጥቃቅን ጉድጓዶችም አሉ። በ2010 ከአይስላንድ የተነሳ ትልቅ የዘር ጥናት ጉድጓዶቹን የሚሠሩት ጂኖች ያሉበት ቦታ ከግላኮማ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። መለጠጥን የሚያውቀው ፒዬዞ1ም ወንፊቱ ላይ አለ። የእሱ ቤተሰብ ፕሮቲኖች ግኝት አርደም ፓታፑቲያንን በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ አድርጓል።

ኢንቴግሪኖች የሚባሉትን የገጽ ፕሮቲኖች ሆን ብዬ አቆየኋቸው፤ እነሱ ከቀጣዩ ጥያቄ ጋር ይሄዳሉ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነም እሱን አንብቡ።

ልጄን ዓይኗን ሲያሳክካት ከፋርማሲ የምገዛላት ጠብታ ወዲያው ያሽላታል። ጉዳት አለው?

ጠርሙሷን አምጪና ስሟን አብረን እንይ። ዴክሳሜታዞን፣ ቤታሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን የሚል ካለበት ስቴሮይድ (ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት) ነው። አንዳንዴ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ትንንሹን ጽሑፍም ማንበብ ያስፈልጋል።

አገራችን ውስጥ የልጆች የዓይን አለርጂ በጣም የተለመደ ነው። ልጁ ዓይኑን እያሸ ይውላል፣ ነጩ ይደፈርሳል፣ ብርሃን ይሸሻል። አንዴ ሐኪም ለጥቂት ቀን ያዘዘው ጠብታ ተአምር ይሠራል። ከዚያ ማሳከኩ በተመለሰ ቁጥር እናት ባዶዋን ጠርሙስ ይዛ «እንደዚህ ዓይነት ስጡኝ» ትላለች፣ ይሰጣታል። ወር፣ ዓመት። እናትየዋ ላይ አልፈርድም፤ ልጇ ሲያሽ እያየች ምን ታድርግ? ግን የሚሆነውን ማወቅ አለባት።

ስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ሲወሰድ ከሦስት ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ጥቂቶች ላይ ደግሞ በጣም ይወጣል። ምክንያቱን ላብራቶሪ ውስጥ ማየት ተችሏል። የወንፊቱ ሴሎች ዴክሳሜታዞን ሲጠጡ አልፋ-ቪ-ቤታ-3 የሚባለው ኢንቴግሪን ገጻቸው ላይ ይበዛል፣ ይነቃልም። ኢንቴግሪኖች ሴሉን ከክሩ ጋር የሚያያይዙ ፕሮቲኖች ናቸው። ይሄኛው ከመጠን በላይ ሲነቃ ሴሉ ውስጥ ያሉት አጥንት መሰል ክሮች እርስ በርስ ተቆላልፈው ይደድራሉ፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሴሉ ፍርስራሽ መብላት ይቀንሳል። ጽዳቱ ሲቆም ፋይብሮኔክቲኑም ሌላውም ይከመራል፣ ፈሳሹ መውጫ ያጣል። የልጅቷ ዓይን ከውጭ ነጭ ሆኖ፣ ማሳከኩም ጠፍቶ፣ ውስጡ ግን ነርቩ እየሞተ ሊሆን ይችላል።

በጊዜ ከተቆመ ግፊቱ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የሞተው ነርቭ አይመለስም። ስለዚህ ስቴሮይድ ጠብታ ያለ ሐኪም ክትትል አይሁን፤ ሐኪም ካዘዘም ግፊቱ ይለካ። ለአለርጂ ስቴሮይድ ያልሆኑ ጠብታዎች አሉ፣ እነሱን ጠይቁ። ሐኪም ለሌላ በሽታ ያዘዘላችሁን ስቴሮይድ ግን ይህን አንብባችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፣ ደውላችሁ ተነጋገሩ።

በዚሁ ላይ፦ ፊት ለማቅላት ከሚሸጡት ክሬሞች ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ ያለባቸው አሉ። ዓይን አካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚቀባ ስቴሮይድም ግፊት ሊጨምር ይችላል። አገር ቤትም ሆነ አረብ አገር ያላችሁ እህቶች፣ ይቺን ለጓደኞቻችሁ ንገሯቸው።

አባቴ ግላኮማ ነበረው። እኔንም ይይዘኛል?

የግድ አይደለም፣ ግን ወላጅ ወይም ወንድምና እህት ካለበት ዕድሉ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ማዮሲሊን የሚባል ጂን በ1997 ተለይቶ ታውቋል፤ ጂኑ ሲበላሽ የተጣመመ ፕሮቲን የወንፊቱ ሴሎች ውስጥ ይጠራቀምና ያስጨንቃቸዋል። ይሄ ግን ጥቂት ሰዎችን ብቻ ነው የሚመለከተው፤ አብዛኛው ግላኮማ የብዙ ጂኖች ድምር ነው። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ላይ በሽታው ይበዛል፣ ቀድሞም ይመጣል።

እኛ አገር በተለይ የሚታይ ሌላ ዓይነት አለ። በዕድሜ ጠና ባሉ ሰዎች ዓይን ውስጥ አመድ የመሰለ ነጭ ብናኝ ሌንሱ ላይና ወንፊቱ ላይ ይከማቻል፤ ሱዶኤክስፎሊየሽን ይሉታል። ግፊቱን በጣም ሊያወጣ ስለሚችል እንዲህ ያለ ነገር አለባችሁ ከተባላችሁ ክትትሉን ጠበቅ አድርጉት። ቤተሰብ ውስጥ ካለ ከ40 ዓመት በፊትም ቢሆን ተመርመሩ።

ኢላም-1 እንዳለብኝ በምርመራ ማወቅ እችላለሁ?

አትችሉም። ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ምርመራ አይደለም፤ ለማየት ወንፊቱን ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል። ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ሰዎች ሲሞቱ የለገሱትን ዓይን፣ ኮርኒያ ከተነቀለ በኋላ የሚቀረውን ጠርዝ ወይም በግላኮማ ኦፕሬሽን ጊዜ የሚወጣውን ቁራጭ ነው። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ግፊት ማስለካት፣ ነርቩን ማሳየት፣ የእይታ ስፋት ምርመራ መሥራትና ጥጉን ማስታየት ነው። እነዚህ በቂ ናቸው።

ግፊቴ ደህና ነው ተብዬ ግላኮማ አለብህ ተባልኩ። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። ጃፓን ታጂሚ ከተማ ላይ በተሠራ ጥናት ክፍት ጥግ ግላኮማ (ጥጉ ሳይዘጋ የሚመጣው የተለመደው ዓይነት) ካለባቸው ሰዎች ዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ግፊታቸው ከ21 አልዘለለም ነበር። የአንዳንድ ሰው ነርቭ ለሌላው ደህና የሆነውን ግፊት አይችልም። ኮርኒያው ስስ የሆነ ሰው ላይ ደግሞ መለኪያው ከእውነተኛው አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። ግፊት ከቀን ቀን፣ ከሰዓት ሰዓትም ይለያያል። ሕክምናው ያው ግፊቱን የበለጠ ማውረድ ነው።

የምጠቀመው ጠብታ ወንፊቱን ያድናል?

አብዛኞቹ አያድኑትም፤ ጠብታ ለምን እንደማይቋረጥ የሚገባችሁም እዚህ ጋ ነው። ቲሞሎል የፈሳሹን ምርት ይቀንሳል (አስም ያለባችሁ ቲሞሎል ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ መናገር እንዳትረሱ)። ላታኖፕሮስት በዋናነት ያንን በጡንቻ መሃል ያለውን ሌላ መንገድ ያሰፋል። ወንፊቱ ያው የታመመው ወንፊት ነው። ጠብታውን ስታቆሙ ግፊቱ ወደነበረበት ይመለሳል፣ እናንተም አይሰማችሁም።

የወንፊቱን ሴሎች ራሳቸውን የሚያላሉ መድኃኒቶችም መጥተዋል። ሪፓሱዲል ጃፓን ውስጥ በ2014፣ ኔታርሱዲል አሜሪካ ውስጥ በ2017 መጨረሻ ተፈቅደዋል። የሚሠሩት ሴሉ እንዲኮማተር የሚያደርገውን ሮ-ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም በመግታት ነው። ዓይን ማቅላታቸው የታወቀ ነው።

ሌዘር ይሻላል ወይ?

ለብዙ ሰው ጥሩ አማራጭ ነው፣ እኔም ይበልጥ ቢታወቅ ደስ ይለኛል። ኤስኤልቲ የሚባለው ሌዘር ወንፊቱ ላይ ያሉትን ቀለም ያላቸውን ሴሎች በጣም አጭር በሆነ የብርሃን ምት ይመታል። ሴሎቹ ሲመቱ ኢንተርሊዩኪን-1ን ጨምሮ መልእክተኞችን ይለቃሉ፣ ክር የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች ይነሳሉ፣ ፍርስራሽ በሊታ ሴሎች ይመጣሉ። ያ ከላይ ያነሳነው ዑደት ማለት ነው፣ እዚህ ግን ለአጭር ጊዜ ተነስቶ ይበርዳል።

በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣው የእንግሊዝ ጥናት በሌዘር ከጀመሩት ታካሚዎች 74 በመቶ ያህሉ ከሦስት ዓመት በኋላም ያለ ጠብታ ግፊታቸው ልክ ነበር። ለእኛ የሚቀርበው ግን የታንዛኒያው ነው፦ ሞሺ ከተማ ኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል የተሠራው ጥናት በ2021 ሲወጣ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሌዘር የተሠራላቸው ዓይኖች 61 በመቶ፣ ቲሞሎል የሚጨመርባቸው 31 በመቶ ውጤታማ ሆነው ተገኙ። ጠብታ በየወሩ መግዛት ለሚከብደው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሌዘሩ ኃይል ከጊዜ ጋር ስለሚደክም ሊደገም ይችላል፣ ክትትሉም አይቀርም። ጥጉ የተዘጋ ሰው ላይ አይሠራም፤ የሱ ሕክምና ሌላ ነው።

ጠበል ብጠጣስ? ቡናስ?

ጠበላችሁን ጠጡ፣ ጠብታችሁንም አታቋርጡ። አንድ ነገር ብቻ፦ ብዙ ውሃ ባንዴ መጠጣት የዓይን ግፊትን ለጊዜው ይጨምራል፤ እንዲያውም አንድ ሊትር ገደማ በአምስት ደቂቃ አስጠጥቶ ግፊት መለካት ራሱን የቻለ ምርመራ ነው። ስለዚህ ጠበሉን ቀስ እያላችሁ ጠጡት። አብሯችሁ የሄደ ሽማግሌ ዘመድ ካለም ጠብታው ቦርሳ ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። ቡና ግፊቱን በትንሹ ለተወሰነ ሰዓት ያነሳል፣ አንድ ሁለት ሲኒ የሚያስፈራ አይደለም።

ጠብታውን ስጨምር ግማሹ ጉንጬ ላይ ይፈስሳል። ደግሜ ላድርግ?

ዓይን ውስጥ የገባች አንዲት ጠብታ በቂ ናት፣ ዓይን ከዚያ በላይ አይዝም። ቀና በሉ፣ የታችኛውን ሽፋን ሳብ አድርጉ፣ አንዲት ጣሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑና አፍንጫ አጠገብ ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ጫን አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆዩ። መድኃኒቱ በአፍንጫ በኩል ወደ ደም እንዳይሄድ ይረዳል። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካላችሁ በመሃላቸው አምስት ደቂቃ ይሁን። ጭራሽ ዓይን ውስጥ ካልገባች ድገሙ። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተኝታችሁ ሞክሩ፣ ወይ የቤት ሰው ይጣልላችሁ።